ጥያቄና መልስ፦ «መድኃኒት» ብለን የምንጠራው መርዝ

የመስኖ ሽንኩርትና ቲማቲም ርጭት በሚበዛበት ወቅት የሚደርሱን ደብዳቤዎችም ይበዛሉ። ለዚህ ዕትም ስለ ፀረ ተባይ አያያዝ ከተጻፉት ስምንቱን መርጠናል። የጸሐፊዎቹን ስም ትተን አካባቢያቸውን ብቻ አስቀምጠናል፤ ረዘም ያሉትን ደብዳቤዎችም አሳጥረናል።

ጥያቄ (ከመቂ)፦ ቲማቲም አለማለሁ። በ15 ሊትር ፓምፕ ሁለት ክዳን መድኃኒት ነበር የማደርገው። ቱታው (ቅጠል ሰርሳሪው የቲማቲም ትል) አልሞት ሲለኝ ሦስት፣ ኋላም አራት ክዳን አደረግሁ፤ አሁን አራቱም አይሠራም። ሻጩ «ሌላ ቀላቅልበት» ይለኛል። ልክ መጠኑ በፓምፕ ስንት ነው?

መልስ፦ ክዳን መለኪያ አይሆንም። የአንዱ ጠርሙስ ክዳን ከሌላው በእጥፍ ሊበልጥ ይችላል። ዋናው ስህተት ግን «በፓምፕ ስንት» ከሚለው ላይ ነው። በዕቃው ገላጭ ጽሑፍ ላይ የሚሰፍረው መጠን ለሄክታር ነው። በፓምፕ ስንት እንደሚገባ የሚወስነው የእርስዎ አረማመድ፣ የፓምፑ ግፊትና የኖዝሉ (የመርጫው አፍንጫ) ቀዳዳ ስለሆነ፣ ለጎረቤትዎ ልክ የሆነው ለእርስዎ ላይሆን ይችላል።

እንዲህ አድርገው ያግኙት። ከማሳው ላይ 10 ሜትር በ10 ሜትር ይለኩና በአራቱ ማዕዘን ችካል ይትከሉ። ፓምፑን በንጹሕ ውሃ እስከ አንድ ምልክት ይሙሉት። ሁልጊዜ እንደሚረጩት፣ ሳይፈጥኑና ሳይዘገዩ ያንን ቦታ ይርጩ። ከዚያ ፓምፑን መልሰው እስከ ምልክቱ ለመሙላት ስንት ውሃ እንደፈጀ በሊትር ይለኩ። 2.5 ሊትር ከሆነ፣ በ100 ሲባዛ በሄክታር 250 ሊትር ይረጫሉ ማለት ነው። ገላጭ ጽሑፉ በሄክታር 1 ሊትር ካለ፣ 1,000 ሚሊ ሊትር ለ250 ሊትር ውሃ ሲካፈል በእያንዳንዱ ሊትር 4 ሚሊ ሊትር ይደርሳል። ለ15 ሊትር ፓምፕ 60 ሚሊ ሊትር መሆኑ ነው። ለአንድ ጥማድ፣ ማለትም ለሩብ ሄክታር፣ አራት ሙሉ ፓምፕና 2.5 ሊትር ትርፍ ያስፈልጋል፤ የሚፈጀው ኬሚካል በጠቅላላው 250 ሚሊ ሊትር ነው። ከዚያ በላይ ከገዙ ለአንድ ርጭት ትርፍ ነው የገዙት።

ለመለኪያ ከመድኃኒት ቤት ባለ 20 ሚሊ ሊትር ሲሪንጅ ያለ መርፌው ይግዙ። ሦስት ጊዜ ሲስቡ 60 ይሞላል። በላዩ ላይ በማይለቅ ቀለም «መርዝ» ብለው ይጻፉና ከፓምፑ ጋር ብቻ ያኑሩት። ልኬቱን በዓመት አንዴ፣ ኖዝል በቀየሩ ቁጥርም ይድገሙት። እንደ ማንኮዜብ ያሉ የዱቄት ኬሚካሎች የኖዝሉን ቀዳዳ እንደ ሞረድ ይበሉታል። ቀዳዳው ሲሰፋ ጠብታው ይገዝፋል፣ ከቅጠል ላይ ይንጠባጠባል፣ ወጪው ይጨምራል፣ ተባዩ ግን በሕይወት ይኖራል።

ቱታው አልሞት ያለው መጠን ስላነሰው አይደለም። ትሉ ቅጠሉን ሰርስሮ በሁለቱ ሽፋኖች መካከል ይኖራል፤ ስለዚህ በመንካት ብቻ የሚገድል ኬሚካል አይደርስበትም። ያው ዓይነት ኬሚካል ሲደጋገም ደግሞ ጥቂቶቹ ተቋቁመው ይተርፋሉ፣ የሚራባውም የእነሱ ዘር ይሆናል። መጠን መጨመር የተቋቋሙትን መብዛት ያፋጥነዋል እንጂ አያቆመውም። በገላጭ ጽሑፉ ላይ የአሠራር ምድቡ፣ ማለትም ተባዩን የሚገድልበት መንገድ፣ በቁጥር ይጻፋል፦ 1 የኦርጋኖፎስፌት (ከካርባሜት ጋር)፣ 3 የፓይሬትሮይድ፣ 28 የዳያማይድ ነው። የንግድ ስሙ ቢለያይም ቁጥሩ አንድ ከሆነ ያው ነውና፣ ከአንዱ የተባይ ትውልድ ወደ ሌላው ሲሻገሩ ቁጥር ይቀይሩ። የተሰረሰረውን ቅጠልና ፍሬ ለቅመው በፕላስቲክ ከረጢት አስረው ፀሐይ ላይ ያኑሩት፤ ማሳው ጥግ ላይ ከከመሩት የእሳት ራቷ ወጥታ ትመለሳለች።

«ቀላቅልበት» ለሚለው ምክር አጭር መልስ አለን፦ ሻጩ ሁለት ጊዜ ሸጠ፣ እርስዎ ግን አንድ ተባይ ነው ያለብዎት። የንግድ ስማቸው ተለያይቶ ውስጣቸው አንድ ዓይነት የሆኑ ጠርሙሶች ብዙ ናቸው፤ ሲቀላቅሏቸው ሳያውቁት እጥፍ ረጩ። ነፍሳትና ፈንገስ አንድ ላይ መጥተው የግድ መቀላቀል ካለብዎት፣ ገላጭ ጽሑፎቹ እንደማይከለክሉ ያረጋግጡና አስቀድመው በአንድ ጠርሙስ ውሃ በልኩ አሳንሰው ይሞክሩት። በግማሽ ሰዓት ውስጥ ከረጋ፣ እንደ አይብ ከቋጠረ ወይም ከሞቀ ፓምፕ ውስጥ አይግባ። የተበጠበጠ ኬሚካልም አይደር። በስምጥ ሸለቆ ብዙ ቦታ ውሃው አልካሊ (የአሲድ ተቃራኒ) ነው፤ እንደ ማላታዮን ያለው ኬሚካል በእንዲህ ያለ ውሃ ውስጥ ሲያድር ይፈራርሳል።

ጥያቄ (ከቆቦ)፦ ቲማቲሜን ለበሽታ ከረጨሁት በአራተኛው ቀን ቅጠሉ ሁሉ ተጠማዘዘ፣ ጫፉ እንደ ክር ቀጠነ። ቫይረስ ነው ተባልኩ። እውነት ነው?

መልስ፦ ቫይረስ እዚህም እዚያም ጀምሮ ቀስ እያለ ይስፋፋል። ማሳው በሙሉ በአንድ ሳምንት ውስጥ አብሮ ከተጠማዘዘ፣ ግንዱም ከጎበጠ፣ መጀመሪያ ፓምፑን ይጠርጥሩ። በዚያው ፓምፕ ጤፍ ላይ ቱ ፎር ዲ ረጭተው ነበር? ይህ ፀረ አረም ሰፊ ቅጠል ያላቸውን ሁሉ ይጎዳል፤ ቲማቲም፣ ሽምብራ፣ ባቄላና ጥጥ ደግሞ ከሁሉ በላይ ይፈሩታል። በቱቦውና በጎማዎቹ ውስጥ የቀረው ጭላጭ ይበቃል። ፓምፑ ንጹሕ ከሆነ ደግሞ ነፋሱ ከሚመጣበት በኩል ያለ ጎረቤት በእነዚያ ቀናት ስንዴ ወይም ጤፍ ረጭቶ እንደሆነ ይጠይቁ።

ማርከሻ የለውም። በጥቂቱ የተነካ ተክል አዲስ ቅጠል አውጥቶ ሊያገግም ይችላል፤ የዚህን ዓመት ፍሬ ግን አይተማመኑበት። ለወደፊቱ ለፀረ አረም ብቻ የሚሆን ፓምፕ ይለዩና በቀይ ቀለም ምልክት ያድርጉበት። ሁለት ፓምፕ መግዛት ካልተቻለ ከሁለት ሦስት ጎረቤት ጋር አንዱን በጋራ መያዝ ይቻላል። «በኦሞ አጥቤዋለሁ» የሚለውን ግን ለቲማቲም አንቀበልም።

ጥያቄ (ከባቱ)፦ በቀን ሥራ የሰው ማሳ እረጫለሁ። አፍና አፍንጫዬን በሻሽ እሸፍናለሁ፤ ሙቀቱ ስለሚከብድ ጫማና ጓንት አላደርግም። ሻሹ አይበቃም? ማታ ማታ ራሴን ያመኛል።

መልስ፦ አይበቃም። ይልቁንም ሊጎዳዎት ይችላል፤ በላብና በርጭት የረጠበ ሻሽ መርዙን ቋጥሮ ለሰዓታት ከአፍዎ ጋር አጣብቆ ያቆየዋል። ብዙ ሰው መርዝ በአፍንጫ ብቻ የሚገባ ይመስለዋል። በሜዳ ላይ ርጭት አብዛኛው የሚገባው በቆዳ ነው። ቆዳም ከቦታ ቦታ ይለያያል፦ ከመዳፍና ከክንድ ይልቅ ግንባር፣ ብብትና ብሽሽት ብዙ እጥፍ ያሳልፋሉ። ላብ ሲኖር ደግሞ ይብሳል። ስለዚህ በተበከለ እጅ ላብ መጥረግና ሳይታጠቡ ሽንት መሽናት ቀላል ነገር አይደለም።

ከሁሉ የከፋው ሰዓት የርጭቱ ሰዓት አይደለም። ጠርሙሱን ከፍተው ለክተው እስኪበጠብጡ ያሉት አምስት ደቂቃዎች ናቸው። ማሳ ላይ የሚነካዎት በውሃ የቀጠነ ነው፤ በመለኪያ ሰዓት እጅዎ ላይ የሚፈሰው ግን ያልቀጠነው ነው። ስለዚህ ገንዘብ ለአንድ ነገር ብቻ ካለዎት ጓንት ይግዙ። የሐኪም ስስ ጓንት፣ የጨርቅና የቆዳ ጓንት አይሆኑም፤ የጨርቁና የቆዳው መርዙን መጥጠው ይይዛሉ። ወፈር ያለ፣ እስከ ክንድ የሚደርስ የናይትሪል ጓንት ይፈልጉ። ከማውለቅዎ በፊት በእጅዎ ላይ እንዳለ በሳሙና ይጠቡት፤ ያለዚያ በሚቀጥለው ቀን ሲያጠልቁት ውስጡ ይበከላል። ቀጥሎ ቦት ጫማ፤ የሱሪው እግር ከጫማው ውጪ ይዋል እንጂ ወደ ውስጥ አይክተቱት፣ የሚንጠባጠበው ሁሉ ጫማ ውስጥ ይጠራቀማልና። ሽንኩርት ሲረጩ እጅዎ ወደ ታች ስለሚል እጅጌው በጓንቱ ላይ ይውረድ፤ ማንጎ ሲረጩ እጅዎ ወደ ላይ ስለሆነ ጓንቱ በእጅጌው ላይ ይሁን። በመበጥበጥ ጊዜ የዓይን መከላከያ ያድርጉ። ከአፍ መሸፈኛ የሚሠራው የከሰል ማጣሪያ ያለው ነው፤ ተራው የአቧራ ማስክ ተን አያስቆምም።

ሙቀቱ እውነት ነው፤ በቀትር ይህን ሁሉ ለብሶ መርጨት አይቻልም። መፍትሔው ሰዓት መቀየር ነው እንጂ ልብስ ማውለቅ አይደለም። ከንጋቱ 12 ሰዓት እስከ 3 ሰዓት፣ ወይም ከ10 ሰዓት በኋላ ይርጩ። በቀትር ጠብታው ቅጠል ሳይደርስ ስለሚተን ለባለ ማሳውም ኪሳራ ነው። ነፋሱ ከጎንዎ ይምጣ፤ መጀመሪያ ነፋሱ የሚሄድበትን የማሳውን ዳር ይርጩና ወደ ነፋሱ መምጫ እየተጠጉ ይቀጥሉ፣ ሁልጊዜ ያልተረጨውን ረግጠው እንዲሄዱ። የሚያንጠባጥብ ፓምፕ አይዘሉ፤ ጀርባ ሲረጥብ ጨርቁ እንደ እርጥብ መጠቅለያ ቀኑን ሙሉ መርዝ ያጠጣዎታል። የተበላሸው አብዛኛውን ጊዜ የክዳኑ ጎማ ወይም የቱቦው ማሰሪያ ነው፤ ሁለቱም በርካሽ ይለወጣሉ። ኖዝል ሲደፈን በአፍ አይንፉት፤ በውሃ ያጥቡትና በአሮጌ የጥርስ ብሩሽ ያጽዱት። በሽቦ መውጋት ደግሞ ቀዳዳውን ያሰፋል።

የራስ ምታቱን ግን እንደ ድካም አይለፉት። ለተባይ የሚረጩት ኦርጋኖፎስፌቶች ነርቭን የሚቆጣጠር አንድ ኢንዛይም ያደክማሉ፤ ያ ኢንዛይም እስኪመለስ ሳምንታት ይፈጃል። በየቀኑ የሚረጭ ሰው ሳያገግም ሌላ ይጨመርበታል። ከዚያ አንድ ቀን፣ እንደ ወትሮው በረጨበት ቀን፣ በድንገት ይወድቃል። «አሥር ዓመት ረጭቼ ምንም አልሆንኩም» የሚሉ ሰዎች ይህን ስሌት አያውቁትም። ምልክቱ ካልተወዎት ለጥቂት ሳምንታት ከርጭት ሥራ ይውጡና ጤና ጣቢያ ሄደው የሚረጩትን ኬሚካል ስም ይንገሩ።

ጥያቄ (ከወረታ)፦ ባለቤቴ ረጭቶ ሲመለስ ወተት አጠጣዋለሁ፤ መርዙን ያረክሳል ይባላል። ልብሱንም የማጥበው እኔ ነኝ፣ አራት ወር ነፍሰ ጡር ነኝ።

መልስ፦ ወተት አያረክስም። በቆዳ የገባ መርዝ ሆድ ውስጥ አይደለምና ወተት አያገኘውም። ጉዳቱ ሌላ ነው፦ «ወተት ጠጥቻለሁ» ያለ ሰው ሳይታጠብ ይቀመጣል። አረቄም እንዲሁ ነው።

የሚሠራው ውሃና ሳሙና ነው። ባለቤትዎ ወደ ቤት ሳይገቡ፣ ልጅ ሳያቅፉ፣ ውጪ ላይ መላ ሰውነታቸውን ከነፀጉራቸው ይታጠቡ፤ ጥፍር ሥርና ከጆሮ ጀርባ እንዳይረሳ። የርጭቱን ልብስ እርስዎ አይጠቡት። ራሳቸው ጓንት አድርገው፣ ከሌላው የቤት ልብስ ለይተው፣ መጀመሪያ በውሃ ብቻ ያለቅልቁትና ከዚያ ሁለት ጊዜ በሳሙና ይጠቡት፤ ፀሐይ ላይ ይሰጣ። እጥበቱ ወንዝ ላይ መሆን የለበትም። ነፍሰ ጡርና የምታጠባ እናት፣ ከ18 ዓመት በታች ያሉ ልጆችም መርዝ መበጥበጥና መርጨት የለባቸውም። ውሃ የሚያቀብለው ልጅ እንኳ ከበጥባጩ ራቅ ብሎ ይቁም።

ድንገት ቢመረዙ ምልክቱ ይህ ነው፦ ምራቅና ላብ ይበዛል፣ ዓይን ያነባል፣ ብሌኑ እንደ ስፒል ራስ ይጠብባል፣ ያስመልሳል፣ ጡንቻ ይርገበገባል፣ ትንፋሽ ያጥራል። የተመረዘውን ሰው ልብስ በሙሉ ያውልቁ፣ በሳሙናና በብዙ ውሃ ይጠቡት፤ ዓይን ከነካ ለ15 ደቂቃ በሚፈስ ንጹሕ ውሃ። የሚረዳው ሰውም ጓንት ወይም ፌስታል እጁ ላይ ያድርግ። እንዲያስመልስ አያስገድዱት፤ ብዙዎቹ ኬሚካሎች ከነዳጅ ዘር በሆነ ዘይት የተበጠበጡ ስለሆኑ ሲመለሱ ሳንባ ይገባሉ። ራሱን ከሳተ በጎኑ ያስተኙት። ወደ ሕክምና ሲሄዱ ዕቃውን ወይም ገላጭ ጽሑፉን በፌስታል ይዘው ይሂዱ። ሐኪሙ ለኦርጋኖፎስፌት አትሮፒን ይሰጣል፤ ለሌላው ዓይነት መርዝ ሕክምናው ሌላ ነው። ስሙን ካላወቀ በግምት ለመሥራት ይገደዳል።

ጥያቄ (ከቡሬ)፦ በቆሎ የምናስቀምጠው በምንተኛበት ቤት ነው። በየማዳበሪያው ጆንያ ሁለት ሦስት የነቀዝ ክኒን እንጥላለን። ነቀዙ ግን በሁለት ወሩ ይመለሳል። ክኒኑ ተመሳስሎ የተሠራ ይሆን?

መልስ፦ ይህን ደብዳቤ ስናነብ ነቀዙን ረስተን ስለ ቤተሰቡ ነው ያሰብነው። ዛሬ ማታ ጆንያዎቹ ከመኝታ ክፍል ይውጡ። ከማውጣትዎ በፊት በርና መስኮት ከፍተው ቤቱን በደንብ ያናፍሱት፤ ልጆችና ከብቶች ይራቁ።

ክኒኑ አሉሚኒየም ፎስፋይድ ነው። ራሱ አይደለም የሚገድለው፤ ከእህሉና ከአየሩ እርጥበት ጋር ሲገናኝ ፎስፊን የሚባል ጋዝ ይለቃል። አንድ ባለ 3 ግራም ክኒን 1 ግራም ያህል ጋዝ ይሰጣል። ይህ ጋዝ ነቀዝን የሚገድለው አየር በማያስወጣ ዕቃ ውስጥ ለቀናት ታፍኖ ሲቆይ ብቻ ነው። የማዳበሪያ ጆንያ ግን የተሸመነ ነው፣ እንደ ወንፊት ያስተላልፋል። ጋዙ በአንድ ሌሊት ወጥቶ እናንተ የምትተነፍሱት ክፍል ይገባል፤ በበቆሎው ፍሬ ውስጥ ያለው የነቀዝ እንቁላልና እጭ ይተርፋል። በሁለት ወር የተመለሰው እሱ ነው። ክኒኑ ተመሳስሎ የተሠራ ስለሆነ አይደለም፤ ጋዙ የሰነበተው ነቀዙ ዘንድ ሳይሆን እናንተ ዘንድ ስለሆነ ነው።

ጋዙ ነጭ ሽንኩርት ወይም የበሰበሰ ዓሣ ይሸታል ይባላል፤ ሳይሸትም ሊጎዳ ስለሚችል በአፍንጫ አይተማመኑ። የራስ ምታት፣ ማቅለሽለሽ፣ የደረት መጨነቅና ሳል ሲመጣ ብዙ ሰው ብርድ ወይም የምግብ መመረዝ ነው ይላል። በአንድ ቤት ያደሩ ሁሉ ጠዋት አብረው ከታመሙ ክኒኑን ያስቡ። ማርከሻ መድኃኒት የለውም፤ ቶሎ ወደ ንጹሕ አየር አውጥቶ ሆስፒታል ማድረስ ብቻ ነው። በክኒን የሚታጠን እህል ሰውና ከብት በማያድርበት መጋዘን፣ በማያስተነፍስ ሸራ ተሸፍኖ፣ በሠለጠነ ባለሙያ ነው መታጠን ያለበት። ቤት ውስጥ የቀረ ክኒን ካለ ሽንት ቤት ወይም ውሃ ውስጥ አይጣሉት፤ በብልቃጡ እንዳለ፣ ደረቅና ከሰው በራቀ ቦታ ቆልፈው የልማት ጣቢያ ሠራተኛውን ያማክሩ።

ምትኩ አስቸጋሪ አይደለም። ፒክስ በመባል የሚታወቀው ባለ ሦስት ድርብ ከረጢት ሁለት ወፍራም ፕላስቲክ ከውስጥ፣ አንድ ጆንያ ከውጪ አለው። ነቀዙና እጩ ውስጡ ያለውን ኦክስጅን ተንፍሰው ይጨርሱና ታፍነው ይሞታሉ፤ ምንም ኬሚካል የለበትም። ፕላስቲኩን በአየር ነፍተው ቀዳዳ እንደሌለው ይፈትሹ። እህሉን ሞልተው ከላይ ለማሰሪያ የሚበቃ ይተዉ፤ አየሩን በእጅ ጫን ብለው ያስወጡ፣ አጠማዘው አጥፈው በጠንካራ ገመድ ይሰሩት፤ ሁለተኛውንም፣ ጆንያውንም እንዲሁ። ከግድግዳ አርቀው በርብራብ ላይ ያኑሩት፤ አይጥ ከበሳው ሥራው ሁሉ ፈረሰ። በየሳምንቱ እየከፈቱ የሚበሉበት ከረጢት ሌላ ይሁን፤ የተከፈተ ሁሉ አዲስ አየር ይገባበታል።

አንድ ሁኔታ አለው፦ እህሉ ደረቅ ይሁን፣ ያለዚያ ይሻግታል። መመርመሪያው ጨው ነው። ምጣድ ላይ ያደረቁትን ሦስት የሾርባ ማንኪያ ጨው ደረቅ የብርጭቆ ጠርሙስ ውስጥ ከሲሶው ያህል በቆሎ ጋር ጨምረው፣ ዘግተው በደንብ ይወዝውዙትና 15 ደቂቃ ይተዉት። ጨው በጠርሙሱ ግድግዳ ላይ ከተጣበቀ ገና አልደረቀም፤ ወደ ስጥ ይመለስ።

ጥያቄ (ከአዳሚ ቱሉ)፦ ባዶውን ጄሪካን በአመድና በፈላ ውሃ አጥበን ለውሃ ብንጠቀምበትስ? የተረፈ የተበጠበጠ መርዝስ ሐይቁ ዳር ቢደፋ ምን ይላል?

መልስ፦ ጄሪካኑ ለውሃም፣ ለዘይትም፣ ለጠላም አይሆንም፤ ፕላስቲኩ መርዙን ጠጥቶ ቀስ እያለ ይመልሰዋል። መርዙን እንደጨረሱ ወዲያው ሩቡን ውሃ ሞልተው፣ ዘግተው፣ ለግማሽ ደቂቃ ወዝውዘው ፓምፑ ውስጥ ይገልብጡት። ሦስት ጊዜ ይድገሙት፤ የገዙበትን ገንዘብ ጭላጭም ያተርፋሉ። ከዚያ ማንም እንዳይጠቀምበት በሚስማር ታችና ጎኑን ይብሱት። አያቃጥሉት፤ ጭሱ ራሱ መርዝ ነው። ከውሃና ከልጆች ርቆ በተቆለፈ ቦታ ይጠራቀም፣ መሰብሰቢያ ካለ ይሰጥ። በተቃራኒው መርዝ ወደ ሃይላንድ ጠርሙስ ፈጽሞ አይገልበጥ። የተጠማ ሰው ሃይላንድ ሲያይ ገላጭ ጽሑፍ አይፈልግም። በሃይላንድ እየቀነሰ ከሚሸጥም አይግዙ፤ ምን እንደሆነና መቼ እንደሚያልፍ አይታወቅም፣ ከተመዘገበበት ዕቃም ወጥቷል። የፀረ ተባይ ምዝገባና ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 674/2002 ያልተመዘገበ ኬሚካል መሸጥን ይከለክላል፤ የሚመዘግበው አሁን የኢትዮጵያ ግብርና ባለሥልጣን ነው። ዕቃው ሥር ያለው የቀለም ቀበቶ ቀይ ከሆነ ከሁሉ የከፋ፣ ቢጫው ቀጥሎ፣ ከዚያ ሰማያዊና አረንጓዴ ነው። አረንጓዴ «ይጠጣል» ማለት አይደለም።

ሐይቁን በተመለከተ፦ ፓይሬትሮይዶች ለሰው ከሌሎቹ ይቀላሉ ቢባልም ለዓሣ በጣም ጥቂቱ ይበቃል። ፓምፕ ሐይቅ ዳር ማጠብ የዝዋይን ቆሮሶ እየገደሉ ቲማቲም ማዳን ነው። ልኬቱን በመጀመሪያው መልስ እንዳልነው ከሠሩ ብዙ አይተርፍም። የተረፈውን በአሥር እጥፍ ውሃ አቅጥነው ያንኑ የተረጨ ሰብል መልሰው ይርጩበት፤ የፓምፑን እጣቢም እንዲሁ። ከውሃ ዳር ቢያንስ በርከት ያሉ ሜትሮች ሣር ያለበት ያልተረጨ ሰቅ ይተዉ፤ ገላጭ ጽሑፉ ርቀት ከጠቀሰ እሱን ይያዙ።

ጥያቄ (ከዳንግላ)፦ ንብ አንቢ ነኝ። ጎረቤቴ ባቄላውን በረጨ ማግስት በቀፎው ደጅ ብዙ ንብ ሞቶ አገኘሁ። መርጨቱን ልከለክለው አልችልም፤ ምን እንስማማ?

መልስ፦ ሦስት ነገር ተስማሙ። አንደኛ፣ ሰብሉ አበባ ላይ እያለ ፀረ ነፍሳት አይርጭ፤ ባቄላውም ቢሆን ንቡ ሲጎበኘው የተሻለ ያፈራልና ይህ የእሱም ጥቅም ነው። ሁለተኛ፣ የግድ ከሆነ ንቦች ከገቡ በኋላ፣ ከ12 ሰዓት ወዲያ ይርጭ፤ ዱቄት ሆኖ የሚነፋ ኬሚካል አይጠቀም፣ ንቧ ከአበባ ዱቄት ጋር ተሸክማ ወደ እጭ ታደርሰዋለች። ሦስተኛ፣ አንድ ቀን አስቀድሞ ይንገርዎ። እርስዎ ማታ ቀፎውን አየር በሚያስገባ ወንፊት ዘግተው፣ ውስጥ ውሃ አስቀምጠው፣ በጥላ ያቆዩት፤ የማያስተነፍስ ነገር ከሸፈኑት በሙቀት ራስዎ ይገድሏቸዋል። ለአንድ ቀን እንጂ ለሳምንት አይቻልም። ፀረ አረም አብዛኛውን ጊዜ ንቡን በቀጥታ ባይገድልም የማሳ ዳሩን አደይ አበባና መጭ ያጠፋል፣ ያኔ ንቡ በረሃብ ይጠፋል። ዳር ዳሩ እንዳይረጭ ይለምኑት።

ጥያቄ (ከአዲስ አበባ)፦ ከገበያ የምገዛው ቲማቲም ላይ ነጣ ያለ ዱቄት አያለሁ። በጨውና በሎሚ ሳጥበው ይወጣል? ባለቤቴ ጫት ይቅማል፤ እሱን ማጠብስ?

መልስ፦ ዱቄቱ አብዛኛውን ጊዜ ለዋግና ለመሰል በሽታ የተረጨ የፀረ ፈንገስ ቅሪት ነው። ይህ ላዩ ላይ ስለሚቀመጥ በሚፈስ ውሃ በእጅ እያሹ ማጠብ አብዛኛውን ያወርደዋል፤ መላጥ ከሁሉ ይሻላል። ጨውና ሎሚ ከውሃው በላይ የሚጨምሩት እምብዛም ነው። ወደ ፍሬው ውስጥ የሚዘልቁ ኬሚካሎች ግን አሉ፤ እነሱን ማጠብ አያስወጣም። የእነሱ መፍትሔ ያለው አምራቹ ዘንድ ነው። እያንዳንዱ ኬሚካል ከመጨረሻው ርጭት እስከ ለቀማ መቆየት ያለበት ቀን ተጽፎበታል፤ ለአንዱ 3፣ ለሌላው 7፣ ለሌላው 14 ወይም ከዚያ በላይ ነው። ቲማቲም ግን በየሦስት አራት ቀኑ ይለቀማል። 14 ቀን የሚፈልገውን ኬሚካል በለቀማ መካከል የረጨ ገበሬ ቢያንስ ሦስቱን ለቀማ መጣል ነበረበት፤ የሚጥል ግን ጥቂት ነው። ስለዚህ ለቀማ ከጀመረ ወዲያ አጭር ቀን ያለውን ብቻ መምረጥ ይገባዋል። ደንበኛ ሻጭ ካለዎት «መቼ ተረጨ?» ብሎ መጠየቅ አያሳፍርም።

ጫቱ የባሰ ነው። የሚበላው ለጋው ቅጠል ነው፣ አይላጥም፣ አይበስልም፣ ከተለቀመ በዚያው ቀን ይቃማል። በ2001 እ.ኤ.አ. በጸደቀው ዓለም አቀፍ የስቶክሆልም ስምምነት ለወባ ትንኝ መከላከያ ብቻ የተተወው ፀረ ነፍሳት ዲዲቲ በአገራችን ጫት ላይ በምርመራ ተገኝቷል። ዲዲቲ በውሃ አይሟሟም፣ በስብ ውስጥ ይጠራቀማል፣ በእናት ጡት ወተትም ይወጣል። ጫቱን ማጠብ አቧራውንና ላይ ላዩን ያለውን ይቀንሳል፤ ከዲዲቲ ግን አያድንም።